ሦስት ከተማ፣ አንድ ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ሽበት በቀለም ሳይሸፈን በፊት፣ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ በማይናገርበት ዘመን፣ ሦስት ከተሞችን የሚገዙ ደጃዝማች ወንድይፍራው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ታሪኩን የሰማሁት ከአክስቴ ነው። አክስቴ ተረት ጀምራ የምትጨርስ ሴት አልነበረችም፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥና እኛን ታጣላናለች። እኔም ዛሬ እንደሷ ላደርግ ነውና፣ የምትጣሉት ሰው አጠገባችሁ መኖሩን አይታችሁ አንብቡ።

ደጃዝማቹ እናት ነበሯቸው። እናትየው ያረጁት በልጃቸው ግቢ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት እልፍኝ ውስጥ ነው። አልራቡም፣ አልበረዳቸውም፣ ገረድና አሽከር አላነሳቸውም። አንድ ቀን ግን ከዝግባ እንጨት በተሠራች ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ደጃዝማቹ ገረዲቱን ጠርተው፣ «እናቴ በመጨረሻ ምን አለች?» ብለው ጠየቋት።

«ሁልጊዜ የሚሉትን ነው ያሉት ጌታዬ። ‹ልጄ መጣ?› ነው ያሉት» አለቻቸው።

ከልጅየው አዳራሽ እስከ እናትየው እልፍኝ አርባ እርምጃ ነው። ደጃዝማቹ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሱ። ዙፋን ላይ ያለ ሰው ሲያለቅስ ደግሞ አዋጅ መከተሉ አይቀርም፤ የእናታቸው ወንበር፣ ከሦስቱ ከተሞች አረጋውያንን ከሁሉ አሳምሮ ለሚይዘው ይሰጥ፣ በአደባባዩም ይቀመጥ ብለው አሳወጁ።

መጀመሪያ ሦስት ጎበዛዝት በፈረስ ላኩ። ልጆቹ በሳምንቱ ተመልሰው፣ «ሦስቱም ከተማ እጅግ መልካም ነው» አሉ።

«ማንን ጠየቃችሁ?»

«ሹሞቹን።»

«ሽማግሌዎቹንስ?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው፣ «አካሄዳቸው ዝግ ያለ ነው፣ ሳይደርሱብን ተመለስን» አለ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንዲሉ፣ በፈረስ የሄደ ዓይን ስለ ዳገት ምን ያውቃል? ደጃዝማቹም ነገሩ በተላላኪ እንደማይሆን ገባቸው።

በዚያው ሳምንት አንዲት አሮጊት ደጃፋቸው ላይ መጥተው ቆሙ። ስማቸው እማማ ትርንጎ ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሰባ ስምንት ሲሏቸው ግን «ሰማንያ በሉት፣ ምን ያስፈራችኋል» የሚሉ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአዋላጅነት የኖሩ፣ ባላቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው። ባለፈው ክረምት ናዳ መንደራቸውን ጠራርጎ ወስዶታል። የቀራቸው ዘመድ ባይለየኝ የሚባል ታናሽ ወንድም ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ አርጅቶ ቆላ ወርዶ፣ ልጁ ቤት ጥግ ይዞ የሚኖር ነው።

«ጌታዬ፣ የምሞትበት ጥግ ይስጡኝ» አሉ።

«የሚኖሩበት ነው የምሰጥዎት» አሉ ደጃዝማቹ። «በየከተማው ሦስት ሦስት ወር ይቀመጡ። ከዚያ አንዱን ይምረጡ። ወንበሩ ወደመረጡት ከተማ ይሄዳል፤ እርስዎም እስከ ዕለተ ሞትዎ እዚያው ይኖራሉ። ፈርዶ ከፍርዱ የሚሸሽ ዳኛ ሰልችቶኛል።»

እማማ ትርንጎ ከዘራቸውን አነሱ።

መጀመሪያ ጠጠሬ ገቡ። የጠጠሬ ሹም ቢተው የሚባል ግንበኛ ነው። አባቱ ከገበያ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ዋሉ። ቢተው አባቱን በቀበረ ማግስት መዶሻውን አንስቶ፣ «ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ድንጋይ ሽማግሌ አይጥልም» አለ። ደረጃውን ሁሉ አፍርሶ ዝቅ ዝቅ አድርጎ ሠራው። የመንገዱን ድንጋይ እንዳያንሸራትት ፊቱን በመሮ አሻከረው። በየዳገቱ እጅ የሚይዘው መደገፊያ እንጨት ተከለ፤ በየአርባ እርምጃው ጥላ ያለው የድንጋይ መቀመጫ አኖረ። ገበያው ዳር ደግሞ፣ ሰው ለመናገር የሚያፍርበትን ነገር ሳይረሳ፣ ሽማግሌ ቸኩሎ የሚደርስበት ንጹሕ መጸዳጃ ሠራ። በዚህኛው ወጣቶች ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ሲያረጁ ቢተውን ይመርቁታል።

እማማ ትርንጎ ጉልበታቸው ከታመመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሰው ሲገኝ፣ ሰው ሲደግፋቸው ነበር። በጠጠሬ የመጀመሪያው እሑድ ብቻቸውን ሄዱ። መደገፊያውን ይዘው፣ መቀመጫው ላይ እያረፉ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ደረሱ። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው እንባቸው ወረደ። አንድ መንገደኛ ደንግጦ፣ «ምነው እማማ፣ ሰው ሞተብዎት?» ቢላቸው፣ «የለም ልጄ፣ እግሬ ተነሣልኝ» አሉት።

ቢተው በየሳምንቱ ደጃቸው ብቅ ይላል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እማማ፣ የትኛው ደረጃ ከበደዎት?» እሳቸው የጠቆሙትን ደረጃ በዚያው ቀን መዶሻ ይዞ ዝቅ ያደርገዋል። ከደረጃ ሌላ የሚከብድ ነገር መኖሩ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም፤ እሳቸውም ደስታውን ላለማጥፋት አይነግሩትም። በጠጠሬ ማንም ሰው የማንንም እጅ ስለማይፈልግ፣ ማንም ለማንም እጁን አይዘረጋም። መቀመጫው ላይ ሰዎች ይቀመጣሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ድካማቸው ሲወጣላቸው ተነስተው ይሄዳሉ። እማማ ትርንጎ በሁለት ወር ውስጥ የከተማውን መቀመጫ ሁሉ ለይተው አወቁ። ስሙን ያወቁት ሰው ግን ቢተው ብቻ ነበር፤ ምሳቸውንም ለብቻቸው ይበሉ ነበር።

በሦስተኛው ወር ንዳድ ያዛቸው። ሦስት ቀን ተኙ፤ በሩን ያንኳኳ የለም። በአራተኛው ቀን ተነስተው፣ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መድኃኒተኛው ቤት ድረስ በእግራቸው ሄዱ። መድኃኒተኛው ሲያያቸው ክው አለ።

«በዚህ ትኩሳት! ማን አመጣዎት?»

«መደገፊያው» አሉ እማማ ትርንጎ።

ይህን ሲሉ ኮርተው ነበር ወይስ አዝነው? አክስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁለቱንም ፊት ታሳየን ነበር። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል። ብቻ መድኃኒቱን ጠጥተው ዳኑ፤ ሲመለሱም በራሳቸው እግር ነው።

ክረምት ሲገባ ወደ ሰንበሌጥ ተሻገሩ። ስለ ሰንበሌጥ መንገድ ባላወራ ይሻላል። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ ደረጃ የሚሉት ነገር ፍየል ራሷ አስባበት የምትወጣው ነው። የሰንበሌጥ ሹም ውድነሽ የምትባል፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ናት። ከዓመታት በፊት በከተማው አንዲት ብቸኛ አሮጊት ሞተው፣ መሞታቸው የታወቀው በአራተኛው ቀን ነበር። ሰንበሌጥ አፈረች፤ እንደዚያ ያፈረ ከተማ ታይቶ አይታወቅም። ውድነሽ ያኔ ሕዝቡን ሰብስባ በየሰፈሩ አንድ ተራ አወጣች። ተራው ምን እንደሆነ ለሽማግሌዎቹ ግን አልተነገራቸውም።

እማማ ትርንጎ በገቡ በማግስቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አንዲት ጎረቤት ገል ይዛ መጣች። «እማማ፣ እሳቴ ጠፍቶብኝ እሳት ልጫር?» አለች። ፍሙን ሰጧት። በማግስቱ ሌላዋ መጣች። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ መጣ። እሳት ሊጭር የመጣ ሰው አይቀመጥም ይባላል፤ የሰንበሌጥ ሰው ግን ይቀመጣል። «ምን ቀመሱ?» ይላል። «እንዴት አደሩ? ያ ሳል እንዴት ሆነ?» ይላል። ሲወጣ፣ «ለፍሙ ነው» ብሎ አንድ እቅፍ እንጨት ይተዋል። እማማ ትርንጎ፣ «ይህ ሁሉ ሕዝብ እሳት ማዳፈን አያውቅም እንዴ?» እያሉ በልባቸው ይታዘቡ ነበር። ሆኖም በየማለዳው ፍሙን አዘጋጅተው፣ ዛሬ ደግሞ ማን ይሆን የሚመጣው እያሉ በሩን ማየት ጀመሩ።

ሰንበሌጦች ሲወዱ ልክ የላቸውም። ጭቃውን አዝለው ያሻግሯቸዋል። በገቡበት ቤት ሁሉ «ኖር!» ብሎ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። ከዘራቸውን ከእጃቸው ይቀበሏቸዋል፣ ውሃ ልቅዳ ቢሉ «እኛ ሞተን ነው?» ይሏቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ በሁለተኛው ወር የእማማ ትርንጎ እግር ያን በጠጠሬ ያገኘችውን ጉልበት መልሳ አጣች። ያ እንኳ ይሁን። አንድ ማለዳ ግን ከግድግዳው ማዶ እልልታ ሰሙ፤ ጎረቤታቸው ወልዳለች። አርባ ዓመት ያዋለዱት ሴት አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቷቸው ተቀምጠው፣ እንዳይደክማቸው ተብሎ አልተጠሩም።

የባሰው በኋላ መጣ። አንድ ጨው ነጋዴ ከቆላ ሲያልፍ ደጃቸው ቆሞ፣ ያወቁ መስሎት፣ «የባይለየኝን ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጥናዎት» አላቸው።

ባይለየኝ ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል። ሰንበሌጥ በሙሉ ያውቃል። መርዶ በወጉ በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ እንደሚረዳ የታወቀ ነው፤ ሰንበሌጦችም ሊያረዷቸው ስድስት ጊዜ ተሰብስበው ነበር። መጀመሪያ ሳሉ ይሻላቸው አሉ። ቀጥሎ ፍልሰታ ይለፍ አሉ። ቀጥሎ ዝናቡ ያባራ አሉ። እንዲህ ሲሉ ቀብሩም፣ ሰልስቱም፣ አርባውም አለፈ። ውድነሽ ተጠርታ መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ልብዎ እንዳይሰበር ሰግተን ነው እማማ!»

«እኔ ባሌን የቀበርኩ ሰው ነኝ» አሉ እማማ ትርንጎ። «ሁለት ልጅ በዚህ እጄ ገንዣለሁ። ሐዘን መሸከም ከመሃላችሁ ማን ይበልጠኛል? በወንድሜ አፈር ላይ አንድ እፍኝ እንዳልጨምር ከለከላችሁኝ።»

ያን ቀን እሳታቸውን በውሃ አጠፉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ዓይኗ ያበጠው ውድነሽ ገሏን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ተራው የእሷ ነበር።

«ዛሬ እሳት የለም» አሏት።

ውድነሽ ተመልሳ ሄደች። ወዲያው ደግሞ ከቤቷ በገሉ ሙሉ ፍም ይዛ መጥታ፣ ተንበርክካ ምድጃቸውን አቀጣጠለችላቸው። እማማ ትርንጎ ፍሙንም እሷንም አፈራርቀው አዩ።

«ታዲያ እሳት እያለሽ ምን ልትጭሪ ትመጪ ነበር?»

«እርስዎን ላይ ነዋ» አለች ውድነሽ፣ አንገቷን ደፍታ።

እማማ ትርንጎ ያኔ ሦስት ወር ሙሉ የሰጡት ፍም ሁሉ የት እንደሄደ ገባቸው። ቁጣቸው አልበረደም፤ የበደሏቸው ትልቅ በደል ነው። ግን እየተቆጡ ሳቁ፣ እየሳቁ አለቀሱ፤ ውድነሽም አብራ። ተቃቅፈው ቆዩ። ሰው የሚወደውን እንዲህ አድርጎ ይበድላል፣ የበደለውንም እንዲህ አድርጎ ይወዳል።

ጥቅምት ሲጠባ ዋንዛ በር ደረሱ። ዋንዛ በር መንገዷ ከሰንበሌጥ ብዙም አይሻል፣ ጎረቤቶቿም እሳት ሊጭሩ አይመጡም። የዚህች ከተማ ሹም አንለይ የሚባል ደረቅ ዳኛ ነው፤ ቀልድ ሲነገር ማስረጃ የሚጠይቅ ዓይነት። በወጣትነቱ የድንበር ጠብ ተነስቶ ሁለት ወንድማማቾች ተጋድለዋል። ከቀብሩ በኋላ አባ ጥበቡ የሚባሉ ሽማግሌ፣ «የድንበሩን ድንጋይ እኮ እኔ አውቀው ነበር፤ የጠየቀኝ የለም» አሉ። አንለይ ይህን ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። ሲሾምም ሕግ አወጣ፦ በዋንዛ በር ሦስት አረጋውያን ሳይናገሩ ችሎት አይዘጋም፣ ጋብቻ አይጸናም፣ ጉድጓድ አይቆፈርም።

እማማ ትርንጎ ከተማው በር ላይ ቆመው ጉልበታቸውን ሲያሹ አንለይ መጣ። የት እንደሚያማቸው አልጠየቀም፣ በልተው እንደሆነም አልጠየቀም።

«ምን ያውቃሉ?» አላቸው።

ስድስት ወር ሙሉ ይህን የጠየቃቸው የለም። «ማዋለድ» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸው እንግዳ ሆነባቸው።

በሳምንቱ ሁለት ወጣት ሴቶች ለትምህርት ተሰጧቸው። ምጥ የያዛት ሴት ባለች ቁጥር በማለዳም በዝናብም ይጠራሉ። ከዋንዛው ዛፍ ሥር፣ በችሎት፣ ተራቸው ሲደርስ ዳኛው ዝም ብሎ ይሰማቸዋል፤ አንዳንዴም ይሟገታቸዋል፤ እሳቸውም አይለቁትም። ወገባቸው ቀና አለ። ድምፃቸው ጎላ። የባይለየኝን ተዝካር፣ ቢዘገይም፣ በገዛ እጃቸው ደግሰው አወጡ። አሥራ አንድ ሕፃናት በእጃቸው ተቀበሉ፤ ከአሥራ አንዱ ሁለቱን ሴቶች ወላጆቻቸው «ትርንጎ» ብለው ጠሯቸው። አንድ ስም ለአንድ ሰፈር ይበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል።

ለአሥራ ሁለተኛው ሲጣደፉ ጠል ባረጠበው ቁልቁለት ላይ ወደቁ። ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰበረ። ወጌሻው ጠገነላቸው፣ ምግብም አልጋም አልጎደለባቸውም፤ ግን ዋንዛ በር ሥራ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ከተቀመጠ ሰው ጋር የምትቀመጥበት ጊዜ የላትም። እማማ ትርንጎ ከዛፉ ጥላ ዳር ተቀምጠው ይውሉ ጀመር። አጠገባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ንጹሕ ለብሰው፣ በልተው፣ ማንም የማያናግራቸው። አባ ጥበቡ ናቸው። ሕጉ በእሳቸው ምክንያት የወጣው ሽማግሌ አሁን ትዝታቸው ሄዷል፤ ድንበሩም ድንጋዩም ጠፍቶባቸዋል። እማማ ትርንጎ እንደ አገሩ ልማድ፣ «አባ፣ ምን ያውቃሉ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ምንም አላውቅም» አሉ አባ ጥበቡ። ከዚያ ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘርግተው የእማማ ትርንጎን ግራ እጅ ያዙ። ያን ቀን እስኪመሽ አለቀቁትም።

በዋንዛ በር ላይ እንዳናዳላ ግን ይህም ይነገር፤ እጃቸው በጨርቅ ታስሮ ሳለ አንድ ቀን ደቀ መዛሙርታቸው በሩጫ መጡ። አንዲት ሴት ምጥ ላይ ናት፤ ልጁ በጭንቅላቱ ሳይሆን በእግሩ እየመጣ ነው። እማማ ትርንጎን በአልጋ ተሸክመው ወሰዷቸው፤ ከወላዷ ራስጌ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ሳያነሱ በአፋቸው ብቻ፣ «አሁን ያዥ፣ አሁን ተዪ፣ አትጎትቺ፣ ጠብቂ» እያሉ እናትንም ልጅንም አተረፉ። በሌሎቹ ከተሞች ቢሆን ኖሮ ያቺ እናት ሞታ ነበር፤ ማንም ምን እንደሚያውቁ አልጠየቃቸውምና።

በጥር ደጃዝማቹ ሦስቱን ሹሞች ሰበሰቡ። የዝግባው ወንበር መሃል ላይ ተቀመጠ። እማማ ትርንጎ በቀኝ እጃቸው ማሰሪያ፣ በግራቸው ከዘራ ይዘው ሲገቡ ጉባኤው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። «በእግዜር» ብለው ቆሙ።

«የምትሉት አላችሁ?» አሉ ደጃዝማቹ ሹሞቹን።

ቢተው፣ «በኔ ከተማ ሽማግሌ ማንንም አይለምንም፤ የፈለገበት በእግሩ ይሄዳል» አለ።

ውድነሽ፣ «በኔ ከተማ ሽማግሌ ብቻውን አያድርም አይባልም፤ ሳይታይ ግን አይውልም» አለች።

አንለይ፣ «በኔ ከተማ ሽማግሌ ሳይናገር ነገር አይቆረጥም» አለ።

«እኔም አንድ ልጠይቃችሁ» አሉ እማማ ትርንጎ። «እናንተ ራሳችሁ ስታረጁ፣ ከሦስቱ የት ለመኖር ትወዳላችሁ? እውነቱን።»

ቢተው ብዙ አልቆየም። ሚስቱ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። መሮ የለመደ እጁን እያሻሸ፣ «ሰንበሌጥ» አለ። «ማለዳ በሬን የሚያንኳኳ እፈልጋለሁ።»

ውድነሽ ሻሿን አስተካከለች። «ዋንዛ በር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሞትም ቢሆን የሚነግሩኝ ሰዎች መካከል።»

አንለይ እንደ ሙግት ሁለቱንም ወገን መዘነ። በመጨረሻ፣ «ዕውቀቴ አብሮኝ ከቆየ፣ ጠጠሬ። የማንም ሸክም ሳልሆን በእግሬ እሄዳለሁ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ወደ መሬት እያየ፣ «እንደ አባ ጥበቡ ከሆንኩ ግን ሰንበሌጥ ውሰዱኝ» አለ።

ደጃዝማቹ ወደ እማማ ትርንጎ ዞሩ።

«ጉልበቴ ጠጠሬ ይለኛል» አሉ እማማ ትርንጎ። «ይህ የተሰበረ እጄ ደግሞ ዋንዛ በር ይለኛል፤ ሰበረችኝ፣ ግን እጅ እንዳለኝ ያስታወሰችኝ እሷ ናት። ማለዳ ማለዳ ዓይኔ ሲገለጥ የሰንበሌጥን በር ይፈልጋል፤ የወንድሜን ሞት የደበቁኝን ሰዎች በር።»

«ወንበሩን ለሦስት ላካፍለውን?» አሉ ደጃዝማቹ።

«የተፈለጠ ወንበር ማገዶ ነው እንጂ መቀመጫ አይደለም» አሉ። ከዘራቸውን ለውድነሽ ሰጥተው፣ ቢተው ባቀረበላቸው ዝቅተኛ መወጣጫ ላይ ወጥተው፣ የደጃዝማቹ እናት በተቀመጡበት ተቀመጡ። አንለይም ሊሰማ አጎንብሶ ቀረበ። እማማ ትርንጎ አፋቸውን ከፈቱ።

አክስቴ እጇን የምታጣጥፈው እዚህ ላይ ነው።

አውቃለሁ፤ ከመሃላችሁ አንድ ብልጥ ተነስቶ፣ «ሦስቱ ከተሞች እርስ በርስ ይማማሩ፤ ጠጠሬ እሳት ትጫር፣ ሰንበሌጥ ደረጃ ትሥራ፣ ዋንዛ በር አባ ጥበቡ ጋር ትቀመጥ» ይላል። እኔም ልጅ ሆኜ ይህንኑ ብዬ ነበር። አክስቴ፣ «ይማማሩ! ከተማ እስኪማር ግን ሰማንያ ዓመት የሞላት ሴት አትጠብቅም። የዛሬውን ፍረድ» አለችኝ። ያን ጊዜ እሷ ራሷ ስድሳ አልፏት ነበር፤ እኔ ልብ አላልኩም።

እንግዲህ ፍረዱ። አንዱ ከተማ እግራቸውን መለሰላቸው፣ ስማቸውን ግን አልጠየቃቸውም። አንዱ ከልቡ ወደዳቸው፣ ሐዘናቸውን ግን ነጠቃቸው። አንዱ ዕውቀታቸውን አከበረ፣ ሲወድቁ ግን ጥላ ዳር አስቀመጣቸው። የቀረቻቸው ዕድሜ ትንሽ ናት፤ የተናገሩት ከተማ የመጨረሻ ቤታቸው ነው።

ከመፍረዳችሁ በፊት ግን አንዴ ወደየቤታችሁ አስቡ። ዛሬ ማለዳ እናታችሁ ቤት እሳት ሊጭር የገባ ማን ነው? የትኛው ደረጃ ከበዳት? ምን እንደምታውቅ የጠየቃትስ አለ?

አስባችኋል? እሺ፤ የእማማ ትርንጎ ወንበር ለማን ይገባል?